ቡትሎደሩ 1 ኪሎባይት ውስጥ አልገባ ሲል

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ የምሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነኝ። በቆቦ ሜዳ ላሉ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፖች መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። ስድስቱ መቆጣጠሪያዎች በአንድ የአርኤስ 485 መስመር (ብዙ መሣሪያዎች በየተራ የሚነጋገሩበት የጋራ ሽቦ) የተያያዙ ናቸው፤ በየሳጥኑ ያለው ማይክሮኮንትሮለር አትሜጋ 328ፒ ነው። ፕሮግራም በቀየርኩ ቁጥር በየጉድጓዱ እየዞርኩ ሳጥን መክፈት ስለሰለቸኝ፣ በመስመሩ በኩል አዲስ ፕሮግራም የሚቀበል ቡትሎደር (ቺፑ ሲነሳ ከዋናው ፕሮግራም በፊት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። ከቺፑ 32,768 ባይት ውስጥ ዋናው ፕሮግራም 31,210 ስለሚይዝ ለቡትሎደሩ ከ1 ኪሎባይት በላይ መስጠት አልችልም። የሄክስ ፋይሉ ግን 3.9 ኪሎባይት ሆነብኝ። ማብራሪያዎቹን በሙሉ ሰረዝኩ፣ የተለዋዋጮቹን ስም ወደ አንድ ፊደል አሳጠርኩ፤ ምንም አልቀነሰም። ኮምፓይለሩን (የሲ ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚተረጉመውን) በሦስተኛው የማሻሻያ ደረጃ ባስኬደው ጭራሽ ባሰበት። በአሴምብሊ (በቺፑ የራሱ መመሪያዎች) እንደገና ልጻፈው ወይስ ቺፑን ልቀይር? ኮዱን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ቺፑም ይቆይ፣ ኮዱም በሲ ይቆይ። አስቀድሞ ግን ሚዛንዎ መታረም አለበት፤ 3.9 ኪሎባይት የሚለው ቁጥር የፕሮግራምዎ መጠን አይደለምና።

ሄክስ ፋይል በጽሑፍ የተገለበጠ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ የፕሮግራም ባይት በሁለት ፊደል ይጻፋል። በየ16 ባይቱ አዲስ መስመር ይጀመራል፤ በመስመሩ ላይ ደግሞ የመነሻ ምልክት፣ የባይት ብዛት፣ አድራሻ፣ የመስመሩ ዓይነትና የማረጋገጫ ድምር ይጨመራሉ። በዚህ ምክንያት 16 ባይት ለመጻፍ 43 ፊደል ይፈጃል፤ በዊንዶውስ ከሆነ ከመስመር መዝጊያዎቹ ጋር 45። ይህ ሁሉ ትርፍ ቺፑ ላይ አያርፍም፤ ጫኚው ሶፍትዌር አንብቦ ይጥለዋል። የላኩትን ኮድ ኮምፓይል አድርጌ ስለካው 1,396 ባይት ሆነ። የጎደለዎት ቦታ እንግዲህ 3 ኪሎባይት ሳይሆን 372 ባይት ነው። 3 ኪሎባይት የጎደለው ሰው ሌላ ቺፕ ቢያማትር አይፈረድበትም፤ 372 ባይት የጎደለው ግን የራሱን ጓዳ መፈተሽ ነው ያለበት።

ከእንግዲህ ከኮምፓይለሩ ጋር በሚመጣው «ኤቪአር-ሳይዝ» በተባለው መሣሪያ ይለኩ። ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ሦስቱን ይዩ፦ ቴክስት (ኮዱ)፣ ዳታ (የመነሻ ዋጋ የተሰጣቸው ተለዋዋጮች) እና ቢኤስኤስ (ያልተሰጣቸው)። ፍላሽ ላይ፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋው የፕሮግራም ማህደር ላይ፣ የሚቀመጠው የቴክስትና የዳታ ድምር ነው። ቢኤስኤስ ራም (ጊዜያዊው ማህደር) ላይ ብቻ ነው ቦታ የሚይዘው። ዳታ ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ የመነሻ ዋጋው ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ሲሠራ ደግሞ ራም ላይ ይገለበጣል። የመገልበጫው ኮድም የራሱ ቦታ አለው።

ማብራሪያዎቹንና የተለዋዋጮቹን ስም ወደ ነበሩበት ይመልሷቸው። ኮምፓይለሩ ማብራሪያን ገና በሩ ላይ ይጥለዋል፤ ስምም ቺፑ ዘንድ አይደርስም፣ እዚያ የሚደርሰው አድራሻ ብቻ ነው። የሐረጎን ዳገት መውጣት ያቃተው የጭነት መኪና ሹፌር የታርጋውን ጽሑፍ አይፍቅም፤ የጫነውን ነው የሚያየው። በአንድ ፊደል ስሞች የተሞላውን ኮድዎን ለማንበብ አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል፣ ያተረፈው ባይት ደግሞ ዜሮ ነው።

የሦስተኛው ደረጃ ነገር ቀላል ነው። ደረጃው ከፍ ሲል «የተሻለ» ማለት አይደለም፤ ሦስተኛው የሚያሻሽለው ፍጥነትን ነው። ፍጥነትን የሚያገኘውም ትንንሽ ፈንክሽኖችን በተጠሩበት ቦታ ሁሉ በመገልበጥና ዙሮችን በመዘርጋት ነው፤ ዋጋውን በቦታ ይከፍላል። ለመጠን የተዘጋጀው ምርጫ «ኦኤስ» ይባላል። (የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ የጂሲሲን፣ ማለትም የኮምፓይለሩን፣ መመሪያ ሲከፍቱ አያጡዋቸውም።) ከላይ የጠቀስኩት 1,396 በኦኤስ የተገኘ ነው፣ ስለዚህ ከእርሱ ሌላ ተአምር አይጠብቁ። ቀሪው ሥራ የእጅ ሥራ ነው።

አሴምብሊ ለምን እንደማያስፈልግ ልንገርዎት። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኦፕቲቡት በሲ የተጻፈ ሆኖ 512 ባይት ውስጥ ይገባል፤ ይኸውም የእርስዎ ቺፕ ቡትሎደር የሚይዝበት ትንሹ ክፍል ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የአርዱዊኖ ዱሚላኖቬ ቡትሎደር በዚሁ ቺፕ ላይ 2 ኪሎባይት ይወስድ ነበር። በመካከሉ የተለወጠው ቋንቋው ሳይሆን አጻጻፉ ነው። ኦፕቲቡትን እንዳለ ይውሰዱ አልልዎትም፤ በኡኖ ላይ ባለው አሠራሩ የአርኤስ 485 መስመርን አቅጣጫ የሚቀይረውን የቺፑን እግርም ሆነ የስድስቱን ሳጥኖች መለያ ቁጥር እርሱ አያውቅም። ኮዱን ግን ከፍተው ያንብቡት፤ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር እዚያ በተግባር አለ።

የባከነው ባይት በብዛት ያለው እርስዎ በጻፉት መስመር ውስጥ አይደለም፤ ሳይጽፉት ተከትሎ በመጣው ውስጥ ነው። ለዚህ ማስረጃው ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎችና ላይብረሪዎቹን የሚያገጣጥመው) የሚያወጣው ማፕ ፋይል ነው። የትኛው ፈንክሽን ስንት ባይት እንደያዘ፣ ከየትኛው ላይብረሪ እንደመጣ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ማፕ ፋይሉን ሳያዩ ኮድ መቁረጥ በጨለማ እንደ ማጨድ ነው።

የእርስዎን ስመለከት መጀመሪያ ያገኘሁት የኢንተራፕት (የያዘውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ጥሪ) ሠንጠረዡን ነው። አትሜጋ 328ፒ 26 መግቢያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 4 ባይት ይይዛል፣ ድምሩ 104። ከዚያ ቀጥሎ ኮምፓይለሩ ሳይጠየቅ የሚጨምረው የማስነሻ ኮድ አለ፦ ስታኩን (ጊዜያዊ ዋጋዎችና መመለሻ አድራሻዎች የሚደረደሩበትን የራም ክፍል) ያስተካክላል፣ ዳታን ይገለብጣል፣ ቢኤስኤስን ያጸዳል፣ ከዚያ ነው ሜይንን፣ የፕሮግራሙን ዋና ፈንክሽን፣ የሚጠራው። በዚህ ቺፕ ላይ ምንም የማይሠራ ባዶ ሜይን ብቻ ኮምፓይል ቢያደርጉ እንኳ 130 ባይት ገደማ ይወጣል። ከ1,024 ላይ ይህ የሚናቅ አይደለም።

እርስዎ ከ26ቱ የሚጠቀሙት አንዱን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ባይት ሲገባ የሚቀሰቀሰውን። ለእርሱ ሲባል ሠንጠረዡ በሙሉ ይቀመጣል። የኢንተራፕቱ ፈንክሽን በውስጡ ሌላ ፈንክሽን ስለሚጠራ ከደርዘን በላይ ሬጂስተሮችን (በቺፑ ውስጥ ያሉ የአንድ ባይት መያዣዎችን) ወደ ስታክ ያስገባል፣ ሲወጣ መልሶ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ማስገቢያና ማውጫ 2 ባይት ነው። በላዩ ላይ የገቡትን ባይቶች የሚያቆይ ክብ መጋዘንና እርሱን የሚያስተዳድር ኮድ አለ። ሠንጠረዡ ወደ ቡትሎደሩ ክፍል እንዲዛወር የሚያደርጉት ትእዛዞችም አሉ። ይህ ሁሉ ለዋናው ፕሮግራም ተገቢ ነው፤ ቡትሎደር ግን ባይት ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ኢንተራፕቱን ያጥፉትና ባይት መጣ ወይ እያለ በዙር የሚጠይቅ አጭር ፈንክሽን ይጻፉ።

ሊነሳ የሚችለው ስጋት ፍላሽ በሚጻፍበት ጊዜ የሚመጣ ባይት ይጠፋል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይጠፋል። አንድ ገጽ ማጥፋትና መጻፍ እያንዳንዱ እስከ 4.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በ57,600 ፍጥነት በየ174 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ይደርሳል፤ በ9 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሃምሳ ገደማ ባይቶች ይመጣሉ፣ ሃርድዌሩ ግን ሁለት ብቻ ነው የሚያቆየው። መፍትሔው መጋዘን ማስፋት አይደለም። ላኪው ኮምፒውተር አንድ ገጽ፣ ማለትም 128 ባይት፣ ከላከ በኋላ ከሳጥኑ የአንድ ባይት መልስ እስኪያገኝ ይጠብቅ። ቡና እንኳ ቶናው የሚቀዳው አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ነው።

ኢንተራፕት ከሌለ ሠንጠረዡም የማስነሻ ኮዱም ሊቀሩ ይችላሉ። ለሊንከሩ «ኖ-ስታርት-ፋይልስ» ይሉታል፣ ሜይንን «ኢኒት-9» በተባለው ክፍል ያስቀምጡታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ኮምፓይለሩ ሬጂስተር 1 ሁልጊዜ ዜሮ ነው ብሎ ያምናል፤ ዜሮ የሚያደርገው ደግሞ አሁን ያስወገዱት የማስነሻ ኮድ ነበር። ስለዚህ የሜይን የመጀመሪያ ሥራ ሬጂስተር 1ን በአንድ የአሴምብሊ መስመር ማጽዳት ይሁን። ያንን ካላደረጉ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ከዚህ የከፋ ብልሽት ደግሞ የለም። ስታኩን በተመለከተ 328ፒ ሲነሳ ራሱ ወደ ራም መጨረሻ ስለሚያስቀምጠው ችግር የለም። ኮዱን ነገ ወደ አሮጌው አትሜጋ 8 ሊወስዱት ካሰቡ ግን ያ ቺፕ ስታኩን በዜሮ ነው የሚጀምረው። በተጨማሪም የመነሻ ዋጋ የተሰጠው ዓለም አቀፋዊ (ከፈንክሽኖች ውጭ የተገለጸ) ተለዋዋጭ ከእንግዲህ ዋጋውን አያገኝም፣ ያልተሰጠውም ዜሮ አይሆንም። ሁሉንም የሜይን ውስጣዊ ተለዋዋጭ ያድርጓቸው። ይህ በራሱ ቦታ ይቆጥባል፦ ዓለም አቀፋዊ ተለዋዋጭን ማንበብ ወይም መጻፍ ለእያንዳንዱ ባይት 4 ባይት ኮድ ይጠይቃል፣ ሬጂስተር ውስጥ ያለ ውስጣዊ ተለዋዋጭ ግን ምንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ትልቅ ቁራጭ የሄክስ አንባቢው ነው። ቡትሎደርዎ የሄክስ መስመሮችን እንዳሉ ተቀብሎ ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ አድራሻውን ያወጣል፣ የመስመሩን ዓይነት ይለያል። ለምን? በሌላው የመስመሩ ጫፍ ጊጋባይት ማህደር ያለው ላፕቶፕ ተቀምጧል። የሚያደክመውን ሥራ ላፕቶፑ ይሥራው። ሄክሱን እዚያው ወደ ጥሬ ባይት ይለውጡትና የሳጥኑን መለያ፣ የገጹን ቁጥር፣ ከዚያ 128 ባይት ይላኩ። የገጹን ቁጥር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከቡትሎደሩ በታች ያለው 31,744 ባይት በ128 ሲካፈል ልክ 248 ገጽ ነው፤ ከ0 እስከ 247 ያለው ቁጥር በአንድ ባይት ይያዛል። እርስዎ አድራሻውን በ32 ቢት ተለዋዋጭ ይዘውታል፤ ይህ ባለ 8 ቢት ቺፕ በ32 ቢት ቁጥር ላይ የሚደረግን አብዛኛውን ድርጊት በአራት መመሪያ ነው የሚያከናውነው። ፍላሹ በሙሉ 32,768 ባይት ነው፣ 16 ቢት ይበቃዋል። በገጽ ቁጥር ከሄዱ ደግሞ ቡትሎደሩ ራሱን እንዳያጠፋ የሚጠብቀው ፍተሻ «ከ248 ያንሳል ወይ» የሚል አንድ ንጽጽር ብቻ ይሆናል።

ከዚያ የማካፈሉ ጉዳይ አለ። የመስመሩን ፍጥነት ከኢኢፕሮም (ኃይል ሲቋረጥ ከማይጠፋው ትንሽ የዳታ ማህደር) አንብበው የፍጥነት ሬጂስተሩን ዋጋ በማካፈል ያሰላሉ። ይህ ቺፕ የማካፈል መመሪያ የለውም፤ በእያንዳንዱ የማካፈል ምልክት ጀርባ ሊንከሩ የሚጎትተው የላይብረሪ ፈንክሽን አለ። ፍጥነቱ በቡትሎደሩ ውስጥ ቋሚ ይሁን። ኮምፓይለሩ ስሌቱን በራሱ ጊዜ ጨርሶ ቺፑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ያስቀምጣል። ከኢኢፕሮም የሚነበበው የሳጥኑ መለያ ብቻ ይሁን።

ሲነሳ የሚልከው ሰላምታም ይቅር። ከነሥሪት ቁጥሩ ወደ አርባ ባይት የሚጠጋ ጽሑፍ ነው፣ በዳታ ውስጥ ስለተቀመጠም የመገልበጫውን ኮድ አስከትሎ መጥቷል። ስድስት ሳጥኖች በአንድ መስመር ላይ እኩል ሲነሱ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ሰላም ሲሉ የሚፈጠረውን ድብልቅልቅ ምናልባት አይተውት ይሆናል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፍባቸው። የተከታታይ መስመሩ ሬጂስተሮች 4 ባይት በሚፈጅ መመሪያ ብቻ ነው የሚደረስባቸው፤ ስለዚህ ሳያስፈልግ አንድ ቁጥር ወደ እነርሱ መጻፍ እንኳ ከቁጥሩ ማስገቢያ ጋር 6 ባይት ይወስዳል። 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (ስህተት መፈተሻ ቢት)፣ አንድ መዝጊያ ቢት የሚለው አሠራር ቺፑ ሲነሳ ራሱ የሚይዘው ነው፤ እርስዎ መልሰው ጽፈውታል። የፍጥነት ሬጂስተሩ የላይኛው ባይትም ሲነሳ ዜሮ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ቺፑ በእርግጥ ዳግም ከተነሳ ነው። ዋናው ፕሮግራም ወደ ቡትሎደሩ በቀጥታ ከዘለለ ሬጂስተሮቹ የድሮውን እንደያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ መግቢያው በዋችዶግ (ፕሮግራሙ ካላደሰው ቺፑን ዳግም በሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ) ይሁን፤ ዋናው ፕሮግራም ዋችዶጉን ከፍቶ ራሱን ያስነሳ። ቡትሎደሩ ደግሞ የዋችዶግ ምልክቱን አጽድቶ ወዲያው ያጥፋው፤ በዚህ ቺፕ ዋችዶጉ ከዳግም መነሳቱ በኋላም በአጭሩ ጊዜ፣ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ እንደበራ ይቆያልና ካላጠፉት ቺፑ ደጋግሞ ሲወድቅ ይውላል።

ከሊንከሩ ጋር «ሪላክስ» የተባለውን ምርጫ ያብሩ፤ 4 ባይት የሚወስዱ ጥሪዎችን ቅርብ ሲሆኑ ወደ 2 ባይት ያወርዳቸዋል፣ በዚህች ትንሽ ቦታ ደግሞ ሁሉም ቅርብ ነው። «ፈንክሽን-ሴክሽንስ» እና «ጂሲ-ሴክሽንስ» ማንም የማይጠራውን ፈንክሽን ይጥላሉ። ባይት የሚልከውንና የሚቀበለውን ፈንክሽን «ኖ-ኢንላይን» ይበሏቸው፤ ኮምፓይለሩ መጠንን እየቆጠበ መስሎት አንዳንዴ በየቦታው ይገለብጣቸዋል። ሜይን የማይመለስ መሆኑን ይንገሩት፣ ሬጂስተር ማስቀመጡን ይተዋል። «ኮል-ፕሮሎግስ» የተባለው ግን ለኩኝ እንጂ እመኑኝ አይልም፤ ለትልቅ ፕሮግራም ይጠቅማል፣ ለትንሽ ግን ከላይብረሪ የሚያመጣው የጋራ ኮድ ካስቀረው ሊበልጥ ይችላል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ይለኩ። አምስት ነገር ባንድ ላይ ቀይሮ መለካት የትኛው እንደጎዳ አይነግርም።

አሁን ወደማይቆረጠው ልምጣ። ኮድዎን ሳነብ ያሳሰበኝ ትልቅነቱ ሳይሆን አንድ ጎደሎው ነው፦ የተጫነው ፕሮግራም ሙሉ መሆኑን ሳያረጋግጥ ወደ እርሱ ይዘላል። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የውኃ ከፍታ መለኪያ ቡትሎደር ስጽፍ ሃምሳ ባይት ለመቆጠብ ብዬ ማረጋገጫውን ጣልኩት። ደሴ ጠረጴዛዬ ላይ ምንም አልሆነም። ቦታው ላይ ግን ፕሮግራም እየተጫነ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ቡትሎደሩ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ፕሮግራም ውስጥ ዘልሎ ገባና በዚያው ቀረ። ወልድያን አልፌ፣ ፕሮግራመር በቦርሳዬ ይዤ፣ አንድ ሳጥን ለመክፈት የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። እርስዎም ቡትሎደሩን የጻፉት ሳጥን ላለመክፈት ነበር።

ስለዚህ 372 ባይት ቀንሰው በላዩ ላይ ማረጋገጫ መጨመር አለብዎት። አይደንግጡ፤ ባለ 16 ቢት ሲአርሲ (ከፕሮግራሙ ባይቶች የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) በአግባቡ ከተጻፈ ፍላሹን ከሚያነበው ዙር ጋር ከ50 እስከ 60 ባይት ቢወስድ ነው። ዋናው ነገር በሠንጠረዥ የሚሠራውን ዓይነት አለመጠቀም ነው። ፈጣን ነው እየተባለ በየቦታው የሚገለበጠው ያ ሲአርሲ 256 ባለ ሁለት ባይት ቁጥሮች ይዞ ይመጣል፤ 512 ባይት፣ የቦታዎ እኩሌታ። ቢት በቢት የሚያሰላው ቀርፋፋ ነው ቢባልም በ16 ሜጋኸርዝ መላውን ፕሮግራም ሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይጨርሳል፤ ፓምፕ ለማስነሳት ሩብ ሰከንድ የሚቸኩል ገበሬ የለም። የሲአርሲውን ዋጋ ላፕቶፑ አስቀድሞ አስልቶ በ247ኛው ገጽ የመጨረሻ ሁለት ባይቶች ላይ ያስቀምጠው፣ ባዶውን ቦታ ሁሉ በ255 ሞልቶ። ቡትሎደሩ ሲነሳ ያሰላል፤ ካልተስማማ አይዘልም፣ መስመሩ ላይ ይጠብቃል። ከፓምፕ ሞተር አጠገብ የሚያልፍ መስመር ረብሻ አያጣምና በየገጹም ከመጻፍ በፊት ይህንኑ ፈንክሽን መልሰው ይጠቀሙበት፤ ሁለተኛ ጥሪ ጥቂት ባይት ነው የሚጨምረው።

ሌላው የማይነካው የአርኤስ 485 አቅጣጫ መቀየሪያ ነው። መልሱን ከላኩ በኋላ መስመሩን የሚለቁት የመላኪያ ሬጂስተሩ ባዶ ሲሆን ሳይሆን የመጨረሻው ቢት ወጥቶ ሲያልቅ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ኮድዎ የመጀመሪያውን ነው የሚጠብቀው። የመልሱ የመጨረሻ ባይት አንዳንዴ ተቆርጦ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ፊውዝ፣ ማለትም የቺፑን መሠረታዊ አሠራር ስለሚወስኑት ቢቶች፣ ሁለት ነገር። የቡትሎደሩ ክፍል በዚህ ቺፕ 512፣ 1,024፣ 2,048 ወይም 4,096 ባይት ነው፤ በመካከል የለም። 1,026 ባይት የሆነ ቡትሎደር 2,048 ያስከፍላል። በተቃራኒው ደግሞ 1,024 ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ 900 ወይም 700 ማውረድ ለዋናው ፕሮግራም አንዲት ባይት አይጨምርለትም። ለወደፊት እርማት ስልሳ ያህል ባይት ከተረፈዎት እዚያ ላይ ያቁሙ። ከ512 በታች ለመውረድ የሚደረገው ትግል ለእርስዎ አይጠቅምም፤ የሚቀጥለው የሚቆረጠው ነገር ማረጋገጫው ይሆናልና። ሁለተኛው፣ የቺፑ መግለጫ ሰነድ አድራሻን የሚቆጥረው በቃል ነው፣ ማለትም በሁለት ባይት፤ ኮምፓይለሩ በባይት ነው የሚቆጥረው። ሰነዱ ለ1 ኪሎባይት ክፍል መነሻው በሄክስ 3ኢ00 ነው ሲል ለሊንከሩ የሚሰጡት 7ሲ00 ነው። ይህን ያሳሳተ ሰው ቡትሎደሩን በዋናው ፕሮግራም መሀል ይጥለዋል። ሊንከሩም ከክፍሉ ስላለፉ ሁልጊዜ አይከለክልዎትም፤ መጠኑ ከ1,024 ሲበልጥ ሥራውን የሚያቆም ፍተሻ በሜክ ፋይልዎ (የኮምፓይል ትእዛዞቹ ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡ። ፊውዙን ሲጽፉ የሪሴት እግሩን ወደ ተራ እግር የሚቀይረውን ቢት እንዳይነኩ። ከተነካ ተራው ፕሮግራመር ቺፑን ዳግመኛ አያገኘውም፤ መልሶ የሚያገኘው 12 ቮልት የሚጠቀመው ልዩ ፕሮግራመር ነው፣ እርሱን ደግሞ በየሱቁ አያገኙትም።

ቺፑን መቀየር የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። በዚያው እግር አቀማመጥ የሚሰካ ትልቅ ፍላሽ ያለው አትሜጋ የለም፤ 328ፒቢ የሚባለውም ያው 32 ኪሎባይት ነው። 128 ኪሎባይት ያለው አትሜጋ 1284ፒ ሌላ ሰሌዳ ይጠይቃል። ለስድስት ሳጥን አዲስ ሰሌዳ ማሠራት ለ372 ባይት የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ዋናው ፕሮግራምዎ ነው። ቡትሎደሩ 1 ኪሎባይት ላይ ቢረጋ እንኳ ለእርሱ የቀረው 534 ባይት ብቻ ነው። ቡትሎደሩን የሠሩት ፕሮግራሙ እንዲያድግ ነው፣ ማደጊያ ግን የለውም። ከላኩት ውስጥ እንዳየሁት ግፊትንና የውኃ ከፍታን ለማሳየት በነጥብ ቁጥር የሚሠራውን ፕሪንትኤፍ የተባለ የማተሚያ ፈንክሽን ይጠቀማሉ። ኤቪአር ላይብረሪ ውስጥ ፕሪንትኤፍ በሦስት ዓይነት ይገኛል፤ የነጥብ ቁጥር የሚያትመው ከሦስቱ ትልቁ ነው፣ የነጥብ ቁጥር ስሌት ላይብረሪውም ይከተለዋል። ከፍታውን በሜትር ከነነጥቡ ከመያዝ በሴንቲሜትር በሙሉ ቁጥር ይያዙት፤ ሲያሳዩ ብቻ ነጥቧን በመካከል ያስገቡ። ይህ ብቻውን ከ1 ኪሎባይት በላይ ያስመልስልዎታል።

ይህን ሲያዩ «እንግዲያውስ 490 ባይት ከዋናው ቀንሼ ለቡትሎደሩ 2 ኪሎባይት ልስጠው» ማለትዎ አይቀርም። ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከዋናው የተገኘው ቦታ ለዋናው ይቅር፣ ቡትሎደሩ በ1 ኪሎባይት ይጨረስ። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፦ ኢንተራፕቱንና የማስነሻ ኮዱን ያውጡ፣ የሄክስ አንባቢውን ወደ ላፕቶፑ ያሻግሩ፣ ማካፈሉንና ሰላምታውን ይጣሉ። በእኔ ግምት እነዚህ ብቻ ከ1,024 በታች ያደርሱዎታል። ከዚያ ሲአርሲውን ይጨምሩ። የሬጂስተሮቹን ትንንሽ ቁጠባ የሚነኩት ሲአርሲው ከገባ በኋላ መጠኑ ከ1,024 ካለፈ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ የኮምፓይለሩን ሥሪት ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ፤ ያው ኮድ በሌላ ሥሪት ጥቂት ባይት ሊጨምር ይችላል፣ እርስዎ ደግሞ ጠርዝ ላይ ነዎት። ወደ ቆቦ ከመሄድዎ በፊትም ኮምቦልቻ ጠረጴዛዎ ላይ ፕሮግራም እየተጫነ ሳለ ኃይሉን ይንቀሉት፤ በ3ኛው ገጽ ላይ፣ በ120ኛው ላይ፣ በ247ኛው ላይ። በሦስቱም ጊዜ ሳጥኑ ተነስቶ መስመሩ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ይጫኑት። አንዴ እንኳ ካልጠበቀ ማፕ ፋይሉንና አዲሱን ኮድ ይላኩልኝ፤ ስሞቹን ግን ሙሉ አድርገው።